«ኦርጅናል ነው ወይስ ቻይና?»፦ የአንድ ስድብ ታሪክ

መርካቶም ሆነ መገናኛ፣ ኢርፎንና ስፒከር የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ለአምስት ደቂቃ ብትቆሙ አንድ ጥያቄ መስማታችሁ አይቀርም፤ «ኦርጅናል ነው ወይስ ቻይና?» ጠያቂው መልሱን ከሻጩ ፊት ላይ ለማንበብ ይሞክራል። ሻጩ ዓይኑን ሳያሽ «ኦርጅናል!» ይላል። ሁለቱም የሚያውቁት፣ ሁለቱም የማያነሱት ነገር ግን አለ። ኦርጅናል የተባለው ዕቃ ካርቶኑ ቢገለበጥ፣ ከታች በደቃቅ ፊደል፣ የተሠራበት ሀገር ተጽፏል። ብዙውን ጊዜ ያው ቻይና ነው።

«ቻይና» በእኛ ሰፈር የሀገር ስም ብቻ መሆኑን ከተወ ቆየ። ቅጽል ሆኗል። በሁለተኛ ሳምንቱ ሶሉ የሚነሳ ጫማ «ቻይና ነው»፤ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚያሰማ ኢርፎን «ቻይና ነው»፤ ቃሉን የማይጠብቅ ጓደኛ ሳይቀር «ተወው ባክህ፣ ቻይና ነው» ይባላል። ስሙ ከሜዳ አልመጣም። ብሩን ቆጥሮ የገዛው ራዲዮ በወሩ ጸጥ ያለበት ሰው ሁሉ ምስክር ነው። እኔም ይህን ልክድ አልተነሳሁም። ልል የፈለግሁት፣ ይህ ስድብ ታሪክ አለው፣ ታሪኩም ቻይና ላይ አይጀምርም ነው። ለዚህ ደግሞ ከድምፅ ዕቃ፣ ማለትም ከራዲዮ፣ ከቴፕ፣ ከስፒከርና ከኢርፎን የተሻለ ማሳያ ያለ አይመስለኝም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስድቡ መጀመሪያ የማን ነበር?

በ1876 አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ከተማ ላይ ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ጀርመንን ወክሎ ከዳኞቹ መካከል የተቀመጠው ፍራንዝ ሮሎ የሚባል ስመ ጥር መሐንዲስ ነበር። ሰውየው የሀገሩን ዕቃ ከሌሎቹ ጎን አስቀምጦ ካየ በኋላ ወደ ቤቱ በላካቸው ደብዳቤዎች የጀርመን ምርት ርካሽና መናኛ ነው ሲል ጻፈ። ብዙዎች ተቆጡበት። የተናገረው ግን አልተረሳም።

በ1887 ደግሞ የእንግሊዝ ፓርላማ የንግድ ምልክት ሕግ አወጣ። ከውጭ ገብቶ የእንግሊዝ ምርት የሚመስል ዕቃ የተሠራበትን ሀገር በግልጽ ይጻፍ የሚል ነው። ከዒላማዎቹ ዋነኞቹ የሼፊልድን ቢላዋ እያስመሰሉ የሚሸጡት ጀርመኖች ነበሩ። «በጀርመን የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ፣ ገዢው አይቶ እንዲሸሽ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ ነበር ማለት ነው። ጥቂት አሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላ ያው ጽሑፍ ገዢው ፈልጎ የሚያነበው ምስጋና ሆነ። ፊደሉ አልተለወጠም፤ ዕቃው ነው የተለወጠው።

ቀጣዩ ተሰዳቢ ጃፓን ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ «የጃፓን ዕቃ» ማለት የወረቀት ጃንጥላና ቶሎ የሚሰበር አሻንጉሊት ማለት ነበር። ከሶኒ መሥራቾች አንዱ የነበረው አኪዮ ሞሪታ በግል ታሪኩ እንዳወጋው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «በጃፓን የተሠራ» የሚለውን ጽሑፍ ዕቃቸው ላይ በተቻለ መጠን አሳንሰው ያትሙት ነበር። ከማነሱ የተነሳ የአሜሪካ ጉምሩክ አተልቁት ብሏቸዋል። አስቡት፤ የዛሬው ሶኒ፣ በሀገሩ ስም የሚያፍር!

በ1955 ሞሪታ ትንሿን ትራንዚስተር ራዲዮ ይዞ ኒውዮርክ ገባ። ቡሎቫ የተባለው የሰዓት ኩባንያ 100,000 ራዲዮ ልግዛህ አለው። ለዚያን ጊዜው ድርጅት ይህ ሕይወት የሚቀይር ትእዛዝ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነበረው፤ ራዲዮው ላይ የሚጻፈው ስም ሶኒ ሳይሆን ቡሎቫ ይሁን። ሞሪታ እምቢ አለ። የኩባንያው ሰው «የእኛ ስም የሃምሳ ዓመት ዝና አለው፣ የእናንተን ማን ያውቀዋል?» ቢለው፣ የእናንተም ስም የዛሬ ሃምሳ ዓመት እንደኛው የማይታወቅ ነበር ብሎ መለሰለት።

ይቺን ታሪክ ያዟት፤ ወደ ቻይና ስንሻገር ታስፈልገናለች። በሌላ ሰው ስም የሚሠራ ፋብሪካ ዕዳው ለአዘዘው ነው። በራሱ ስም የሚሸጥ ግን ዕዳው ለእናንተ ነው፤ ዛሬ ቢያታልላችሁ ነገ ስሙን አይታችሁ ታልፉታላችሁ።

«ሦስት የሚዞሩ፣ አንድ የሚጮኽ»

ቻይና ራዲዮ መሥራት የጀመረችው ትናንት አይደለም። የናንጂንግ ራዲዮ ፋብሪካ በ1953 «ቀይ ኮከብ 502» የተባለውን ባለ ቱቦ ራዲዮ ሙሉ በሙሉ ሀገር ውስጥ በተሠሩ ክፍሎች አመረተ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ልጁን የሚድር የቻይና ቤተሰብ የሚመኛቸው አራት ዕቃዎች ነበሩ፤ ቻይናውያን «ሦስት የሚዞሩ፣ አንድ የሚጮኽ» ይሏቸዋል። የሚዞሩት ብስክሌት፣ የእጅ ሰዓትና የልብስ ስፌት መኪና ናቸው። የሚጮኸው ራዲዮ ነው። ራዲዮ ሀብት ነበር፤ እኛም ሀገር የአያቶቻችን ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ እንደነበረው።

ነገሩ የተቀየረው በ1980 ነው። በዚያ ዓመት ከሆንግ ኮንግ አፍንጫ ስር ያለችው ሼንዘን ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ተባለች። ሆንግ ኮንግ ገንዘብ፣ ማሽንና ገዢ ነበራት፤ ሼንዘን መሬትና ጉልበት። ያን ጊዜ ከተቋቋሙት ሽርክናዎች አንዱ በኋላ ኮንካ የተባለው ኩባንያ ነው። ሥራው ባለ ራዲዮ ቴፕ መገጣጠም ነበር። ክፍሉ ይመጣል፣ ይገጠማል፣ ይላካል። ዲዛይኑም ገበያውም የሌላ ሰው ነው።

በ1981 ደግሞ በዚያው በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ኹዊጆ ከተማ ውስጥ ባዶ ካሴት የሚሠራ ፋብሪካ ተከፈተ። ስሙን «ቲ.ቲ.ኬ.» አለው። የቆየ የካሴት ወዳጅ ካላችሁ ጠይቁት፤ ቀልዱ ወዲያው ይገባዋል። የዘመኑ ዝነኛ ካሴት የጃፓኑ «ቲ.ዲ.ኬ.» ነበር! ጃፓኖቹ በስማችን ነገዳችሁ ብለው ተነሱባቸው፤ ፋብሪካውም ስሙን ለመቀየር ተገደደ። አዲሱ ስም ቲ.ሲ.ኤል. ነው። አዎ፣ ዛሬ ከዓለም ግንባር ቀደም የቴሌቪዥን አምራቾች አንዱ የሆነው ቲ.ሲ.ኤል.። በሰው ስም ሊነግድ የሞከረው ካሴት ሠሪ፣ የራሱን ስም እንዲያወጣ በመገደዱ የራሱ ስም ኖረው።

ሳሎናችን የገባው ፈጠራ

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። በፈረንጆቹ 2000ዎቹ ውስጥ ያደገ ሁሉ ቪሲዲ ማጫወቻን ያስታውሳል። የዘፈን ክሊፑም፣ የአማርኛ ፊልሙም የሚመጣው በቪሲዲ ነበር። አውሮፓና አሜሪካ ግን ቪሲዲን ብዙም ሳያውቁት ነው በቀጥታ ወደ ዲቪዲ ያለፉት። ለምን? ቪሲዲን ለሕዝብ ያደረሰችው ቻይና ስለሆነች ነው።

የዲስኩ ስታንዳርድ በ1993 የወጣው ፊሊፕስና ሶኒን ጨምሮ በትልልቆቹ ኩባንያዎች ነው። በዚያው ዓመት ሄፌይ በምትባል ከተማ ጂያንግ ዋንሜንግና ሱን ያንሼንግ የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ ሲ-ኪዩብ የተባለውን የካሊፎርኒያ ኩባንያ ቺፕ ተጠቅመው ለቤት የሚሆን የቪሲዲ ማጫወቻ ሠሩ። ድርጅታቸውን ከሁለቱም ስም ቆርጠው «ዋንያን» አሉት። ችግሩ ፈጠራቸውን በፓተንት አላስጠበቁም። ቻይና ውስጥ እንደሚተረከው፣ መጀመሪያ ያወጧቸውን ማጫወቻዎች ሽሚያ የገዙት ተመልካቾች ሳይሆኑ ሌሎች አምራቾች ናቸው፤ ፈትተው ሊያዩት። ብዙም ሳይቆይ ገበያው በመቶ በሚቆጠሩ ስሞች ተጥለቀለቀ፣ ዋጋው ተንኮታኮተ፣ ዋንያንም ተረሳ።

ከዚያ የመጣው የዋጋ ጦርነት ፊልም የሚወጣው ነው። አይዱዎ የተባለው የቪሲዲ ኩባንያ በ1997 ማብቂያ ላይ በማዕከላዊው ቴሌቪዥን የሚቀጥለውን ዓመት ምርጥ የማስታወቂያ ሰዓት በ210 ሚሊዮን ዩዋን በጨረታ አሸነፈ። ማስታወቂያውን የሠራለት ጃኪ ቻን ነበር። ኩባንያው በ1999 ወደቀ። ለዕቃው ጥራት መዋል የነበረበት ገንዘብ ለስም ማስጮኺያ ውሎ ማለት ነው። በዚህ ጦርነት ውስጥ ማንም የአንድ ብር ብሎን በሃምሳ ሳንቲም ብሎን ከመተካት አይመለስም። እኛ «ቻይና ነው» ያልነውን ብዙ ዕቃ የወለደው እንዲህ ያለ የዋጋ ሽሚያ ነው።

ቢሆንም ከዚሁ ጦርነት የተረፉም አሉ። በ1995 የተቋቋመው ቢ.ቢ.ኬ. ከቪሲዲ ተነስቶ ዲቪዲ ሠራ፤ ከእርሱም ማህፀን ኦፖና ቪቮ ወጡ። ኦፖ ዲጂታል በ2004 ካሊፎርኒያ ላይ ተከፍቶ የሸጣቸው የዲስክ ማጫወቻዎች፣ በ2018 ምርት እስኪያቆም ድረስ፣ አሜሪካ ውስጥ ለድምፅ ጥራት የሚጨነቁ ሰዎች ከብዙ እጥፍ ውዶቹ ጋር የሚያወዳድሯቸው ነበሩ። የቪሲዲው የልጅ ልጅ መሆኑ ነው።

ዲቪዲው ግን ሌላ ትምህርት ይዞ መጣ። ከ2002 ጀምሮ የቻይና አምራቾች ወደ ውጭ ለሚልኩት ለእያንዳንዱ ማጫወቻ ለፓተንት ባለቤቶቹ ዶላር እየቆጠሩ መክፈል ነበረባቸው። ርካሽ ዕቃ ሸጠህ፣ ከትርፍህ ላይ ትልቁን ቁራሽ ዕውቀቱ የእርሱ የሆነው ሰው ይወስዳል። መገጣጠም እንጀራ ይሰጣል፤ ማዕዱ ግን የሌላ ነው።

ስም የሌላቸው እጆች

በዚህ መካከል «ኦርጅናል» የምንለው ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ቻይና ይሰደድ ነበር። በ1961 የተመሠረተው ኬፍ የተባለው የእንግሊዝ ስፒከር ኩባንያ በ1992 በሆንግ ኮንጉ ጎልድ ፒክ ተገዛ። በ1932 የተመሠረተው ዋርፍዴልና በ1936 የተመሠረተው ኳድ በ1997 የቻንግ ወንድማማቾች እጅ ገቡ። ኬፍ በ2012 ያወጣው «ኤል.ኤስ.50» የተባለው ስፒከር በዓለም ዙሪያ ሲሞገስ የኖረ ነው። ንድፉ እንግሊዝ ነው። የተሠራው ቻይና ነው። ማንም ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት «ቻይና ነው እኮ» አላለም።

ወደ ጆሮአችን ስንመጣ ደግሞ የዋንግ ላይቹንን ታሪክ ተመልከቱ። በ1988 ሼንዘን ውስጥ የፎክስኮን ፋብሪካ ተራ ወዛደር ሆና ተቀጠረች። አሥር ዓመት ገደማ ከሠራች በኋላ ወጥታ የራሷን ሥራ ጀመረች። በ2004 ላክስሼር የተባለውን ኩባንያ ያዘች፤ በ2017 ላክስሼር የአፕልን ኤርፖድስ መገጣጠም ጀመረ። የአፕሉ ቲም ኩክ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፋብሪካዋን ጎብኝቷል። «ኦርጅናል» ብለን የምንምልበት ኤርፖድስ ከእነዚህ እጆች ነው የወጣው። (ዛሬ ቬትናምም ይሠራል።) ያው ሠራተኛ፣ ያው ከተማ፣ አንዳንዴም ያው ፋብሪካ፣ ሲታዘዝ ምርጡን ይሠራል፤ ሲታዘዝ ደግሞ በወሩ የሚሞተውን። ልዩነቱ ያለው አዛዡ ስንት ከፍሎ ምን ያህል እንከን አይቶ ዝም እንዳለ ላይ ነው።

ሚዛኑ ሲወጣ

የቀረው አንድ እርምጃ የሞሪታ እርምጃ ነበር፤ በራስ ስም መሸጥ። ፊኦ በ2007 ጓንግጆ ውስጥ፣ ቶፒንግ በ2008፣ ሙንድሮፕ በ2015 ቼንግዱ ውስጥ ተመሠረቱ። ሽያጫቸው በብዛት በኢንተርኔት ነው። ጃኪ ቻን የላቸውም።

ዕድል ደግሞ አገዛቸው። በ2016 የቀድሞ የማይክሮሶፍት ባለሥልጣን የነበረው አሚር ማጂዲመህር «ኦዲዮ ሳይንስ ሪቪው» የተባለ ድረ ገጽ ከፈተና የድምፅ ዕቃዎችን በላቦራቶሪ መሣሪያ እየለካ ውጤቱን በይፋ ማውጣት ጀመረ። ከሚለካቸው ነገሮች አንዱ ሙዚቃው ከጫጫታውና ከመዛባቱ ስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ነው። 120 ዴሲቤል ማለት ቆሻሻው ከድምፁ አንድ ሚሊዮንኛ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ሲደረደር ሠንጠረዡ አናት ላይ የተቀመጡት እንደ ቶፒንግና ኤስ.ኤም.ኤስ.ኤል. ያሉ የቻይና ስሞች ሆኑ። በ2020 የወጣው «ኢ30» የተባለው የቶፒንግ ዕቃ፣ ዲጂታሉን ፋይል ወደ ድምፅ ሞገድ የሚቀይር፣ ዋጋው 130 ዶላር ገደማ፣ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከሚጠየቅባቸው ብዙዎቹ በልኬት በልጦ ተገኘ።

በኢርፎኑም እንዲሁ። ሀርማን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተመራማሪዎች፣ ሰው ባሱ ምን ያህል፣ ቀጭኑ ድምፅ ምን ያህል ቢሆንለት እንደሚወድ በብዙ አድማጮች ላይ አጥንተው ከ2012 በኋላ አሳተሙት። ጥናቱ ለማንም ክፍት ነበር። አንብበው በርካሽ ኢርፎን ውስጥ ከከተቱት መካከል ቻይናውያኑ ግንባር ቀደም ናቸው። ሙንድሮፕ በ2022 ያወጣው «ቹ» 20 ዶላር ገደማ ነበር፤ ድምፁን ያመሰገኑት ሰዎች ግን በ200 ዶላር ኢርፎን የሚያዳምጡ ጭምር ናቸው።

ጉራውን ግን ለካ እናድርገው። የእነዚህ ዕቃዎች ልብ የሆነው ቺፕ በብዛት የጃፓን ወይም የአሜሪካ ነው። በጥቅምት 2020 የጃፓኑ ኤ.ኬ.ኤም. የቺፕ ፋብሪካ ኖቤኦካ ላይ ሲቃጠል፣ የቻይና ኩባንያዎች የሚገዙት ቺፕ አጥተው በካሊፎርኒያው ኢ.ኤስ.ኤስ. ቺፕ እንደገና ንድፍ ሲያወጡ ከረሙ። የሌላ ሰው እሳት የእነርሱን ምድጃ አጠፋው።

ታዲያ ጥራቱስ?

«ስለዚህ የቻይና ዕቃ ጥሩ ነው?» ካላችሁኝ፣ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። ከሽያጭ በኋላ የሚያነሳው ስልክ የሌለው ዕቃ አሁንም ሞልቷል። በላቦራቶሪ አንደኛ የወጣው ሞዴል እናንተ ዘንድ ሲደርስ አንዱ ቻናሉ ሊደክም ይችላል። ስሙ የሶኒ፣ ሆዱ የማንም ያልሆነም ገበያውን ሞልቶታል። ዋስትና ከሌለ ደግሞ መጨረሻው ምን አለሽ ተራ ነው፤ እዚያ ያሉት ጥበበኞች ሳይቀሩ ማስቲሽ የተደፋበትን ኢርፎን አይፈቱትም።

በወረቀት መዋሸትም አለ። የእጅ ቦርሳ የምታክል ስፒከር ላይ «1000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ተብሎ ሲጻፍ አይታችኋል። ቻርጀሩን ገልብጡና ቮልቱን በአምፒሩ አባዙት። 12 ቮልት በ1 አምፒር 12 ዋት ነው። 12 ዋት የምትበላ ዕቃ ሳታቋርጥ 1000 ዋት ልታወጣ አትችልም፤ አንድ ኪሎ ጤፍ አስፈጭቶ ኩንታል ዱቄት እንደመጠበቅ ነው። ይህንንም ውሸት ግን ቻይናውያን አልፈጠሩትም። የአሜሪካ አምፕሊፋየር ሠሪዎች በዋት ቁጥር መዋሸት ስላበዙ ነው የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ1974 አለካኩን የሚደነግግ ደንብ ያወጣው። ሻጮቹን ያረማቸው ዜግነታቸው ሳይሆን የሚለካቸው ሰው መኖሩ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ «ኦርጅናል ነው ወይስ ቻይና?» የሚለውን ተዉትና እነዚህን ጠይቁ፦ ዕቃው ላይ ያለው ስም የማን ነው፣ ባለቤቱስ ይገኛል? የጻፈውን ቁጥር ከራሱ ሌላ የለካው አለ? ቢበላሽ ማን ይቀበለኛል? ሦስቱንም ያለፈ ዕቃ ከሼንዘንም ይምጣ ከለንደን ግዙት። ሦስቱንም የወደቀ ዕቃ የፈለገው ስም ቢለጠፍበት አትግዙት።

ነገሩ ከኪሳችን በላይ ያገባናል። ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ ከ2011 ጀምሮ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ሲያስገጣጥም ኖሯል። ሼንዘን በ1980 ቴፕ ስትገጣጥም የነበረችበት ወንበር ላይ እኛ ተቀምጠናል ማለት ነው፤ ክፍሉ ይመጣል፣ ይገጠማል፣ ስሙ የሌላ ነው። ከወንበሩ መነሳት ይቻላል፤ ላክስሼርን ያቆመችው ወዛደር ተነስታለች። ግን ማንም በስሙ ለመሸጥ የሚደፍረው ስሙን አይቶ የሚገዛው ሲኖር ነው። እኛ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ «ቻይና» ከሚለው ባልተናነሰ የምንሸሸው ሌላ ቃል አለን። የሀገር ልጅ በሰፋው ጫማ ላይ የጣሊያን ስም ተለጥፎ አይታችሁ አታውቁም? ያ ቃል «የሀገር ውስጥ» ነው።